ሦስት ተገኝቶ ዜሮ

ቀረብ በሉማ፣ የብብት ነገር ላጫውታችሁ።

እኛ ገፈርሳ ያደግን ልጆች ንፍፊት ምን እንደሆነች ከሐኪም አልተማርንም። በባዶ እግራችን ከግድቡ ዳር ዳር ስንሯሯጥ የባሕር ዛፍ ጉቶ ይወጋናል፣ ወይ እሾህ ይገባብናል። ሁለት ቀን እንደዋለ ብሽሽታችን ላይ ባቄላ የምታህል ነገር ትጓጉላለች። እያነከስን ቤት ስንገባ እናቶቻችን ያበጠውን ዳበስ አድርገው ይተዉትና ዝቅ ብለው እግራችንን ያገላብጣሉ። «የቱ ጋ ነው የወጋህ?» ይላሉ። እብጠቱ ላይ፣ ጥፋቱ ታች። ንፍፊት የሌላ ቦታ ወሬ ነጋሪ እንደሆነች ያውቁ ነበር።

ኋላ አድጌ እንጀራዬ ከዚያችው ከንፍፊት ወጣ። ከገፈርሳ በሌሊት እየተነሳሁ፣ በቡራዩ በአስኮ በሚኒባስ እየተጋፋሁ፣ ከተማ ውስጥ ባዮፕሲ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ስሠራ ዕድሜዬ ሄደ። ሐኪም አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። ከሰው የወጣ ሥጋ ሰም ጠጥቶ፣ በስሱ ተቆርጦ፣ ቀለም ገብቶበት ማይክሮስኮፕ ሥር እስኪደርስ ያለው መንገድ የእኔ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የፓቶሎጂስቱ ነው።

እንግዲህ ሰውነታችን ውስጥ ከደም ሌላ የሚፈስ ውሃ አለ፤ ሊምፍ ይሉታል። ከሥጋችን መሃል እየተንጠባጠበ በቀጫጭን ቦይ ይሰበሰብና ወደ ደም ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ንፍፊቶች ተሰድረው ይጠብቁታል፤ በአንገት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ ሆድ ዕቃ ውስጥም። ይህን ለገፈርሳ ሰው ማስረዳት አይከብድም፤ ግድቡ ከነማጣሪያው ደጃፋችን ነው። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ደፍርሶ የጋራውን አፈር ይዞ ይወርዳል። አዲስ አበባ ግን የጠራ ውሃ ትጠጣለች፤ ጭቃው ማጣሪያው ጋ ቀርቷላ! ከላይ ምን ወርዶ እንደነበር ማወቅ የፈለገ ሰው ማጣሪያውን ያያል። የጡት ውሃ አብዛኛው የሚወርደው ወደ ብብት ነው። ጡት ላይ የበቀለ ካንሰር ከቤቱ ወጥቶ እንደሆነም የሚጠየቀው ብብት ነው።

ማጣሪያን ስለመጠየቅ ካነሳሁ ዘንድ አገራችን ላይ የተሠራ አንድ ሥራ ሳልነግራችሁ አላልፍም። ዝሆኔን ታውቃላችሁ፤ እግርን ግንድ አሳክሎ የሚያሳብጠውን። በሌላ አገር ብዙውን ጊዜ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል ያመጣዋል። በእኛ ደጋ ያ ትል ሳይኖር እግር ያብጣል። ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክም የነበረ። በ1970ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ) እግራቸው እንዲህ ያበጠባቸውን ሰዎች የብሽሽት ንፍፊት አስመረመረ። እዚያ ውስጥ ምን ተገኘ መሰላችሁ? አፈር! በባዶ እግር ሲኬድ በቆዳ የገባ፣ በሊምፍ ቦይ ሽቅብ የወጣ፣ ሲሊኮንና አሉሚኒየም ያለበት የቀይ አፈር ብናኝ። ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም ያወጣለትም እሱ ነው። መከላከያው ጫማና እግር መታጠብ ሆነ። ስንት ዘመን እርግማን ነው፣ ዘር ነው ሲባል የኖረውን በሽታ አንዲት ንፍፊት ተጠይቃ ተናገረች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሥራዬ ይከብርብኛል።

ቃላችን ደግሞ ያምታታል። «ነቀርሳ» ስንል ካንሰርን ነው፤ «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢን። ንፍፊትም እንደ ቃላችን ሁለቱን ታስተናግዳለች። የንፍፊት ቲቢ አገራችን ውስጥ ብዙ ነው። አንገቱ አብጦ፣ ካንሰር ነው ብሎ ተናዝዞ የመጣ ሰው፣ በቀጭን መርፌ ተቀድቶለት ስላይዱ ሲታይ ቲቢ ሆኖ፣ መድኃኒቱን ውጦ የዳነ ስንቱን አይቻለሁ! ያበጠ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ግልባጩ ነው የሚያስፈራኝ፤ ካንሰር የገባባት ንፍፊት ሳታብጥ፣ በእጅ ሳትዳሰስ ቁጭ ትላለች። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ እትዬ እንግባ።

እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ሽሮና ምስር እያዘጋጁ ሸጠው አራት ልጅ ያሳደጉ ሴት። ቀኝ ጡታቸው ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ሲዳስሱ ለማንም ሳይናገሩ ከረሙ፤ ጠበልም ሄዱ። ኋላ ሴት ልጃቸው ገላቸውን ሲታጠቡ አየችና እያለቀሰች ሐኪም ቤት አደረሰቻቸው። ጡቱ ከነብብቱ ስብ ወጣ። የወጣውን በፎርማሊን በተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ፣ ባልዲውን በጥቁር ፌስታል አድርጎ ላቦራቶሪ ያደረሰው ትልቁ ልጃቸው ነው። በታክሲ፣ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ። እንዲህ ነው አብዛኛው የሚመጣው። የእናቱን ሥጋ አቅፎ የተሳፈረ ልጅ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ምን ይለዋል? እኔ ያን ቀን መረከቢያው ጋ አልነበርኩም። ወደ እኛ ክፍል የምትገባው ባልዲ ደግሞ ቁጥሯን እንጂ የማን ጎረቤት እንደሆነች አትናገርም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ሪፖርቱን ከመቀነታቸው ፈተው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ብብትዎ ንጹሕ ነው፣ ዜሮ ነው ብለውኛል። እልል ብዬ ነው የገባሁት። ግን አንተ የዚያ ቤት ሰው ነህና እስቲ አንብብልኝ።»

አነበብኩ። የዕጢው ስፋት 3 ሴንቲ ሜትር። የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ። ዝቅ ብሎ ንፍፊት፣ 0/3። ወረቀቱ ከእኛው ላቦራቶሪ የወጣ ነው።

የላይኛዋ ቁጥር ካንሰር የተገኘባቸው ናቸው። የታችኛዋ ደግሞ ከስቡ ውስጥ ተፈልገው የተገኙት ሁሉ። እትዬ ደስ ያላቸው በዜሮዋ ነው። የእኔ ዓይን ሦስቷ ላይ ቀረ።

ለምን እንደቀረ ልንገራችሁ። የካንሰር ደረጃ የሚወጣው በሦስት ፊደል ነው፤ ቲ፣ ኤን፣ ኤም። ፒየር ደኑዋ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ከ1943 ጀምሮ ያበጀው ዘዴ ነው፤ ዛሬ ዓለም ሁሉ ይሠራበታል። ቲ የዕጢው መጠን፣ ኤን ንፍፊቷ፣ ኤም ሩቅ አገር ሄዶ እንደሆነ፤ ጉበት፣ ሳንባ፣ አጥንት። በጡት ካንሰር ከአንድ እስከ ሦስት ንፍፊት ከተነካ ኤን 1፣ ከአራት እስከ ዘጠኝ ኤን 2፣ አሥርና ከዚያ በላይ ኤን 3 ይባላል። ኬሞ ይሰጥ፣ ጨረር ይጨመር፣ ክኒን ብቻ ይበቃ እንደሆነ ሐኪሙ ሲመክር ይህችን ቁጥር ይዞ ነው። የብብት ስብ እንዳለ ሲወጣ ደግሞ አሥርና ከዚያ በላይ ንፍፊት ይጠበቃል። ለአንጀት ካንሰር እንዲያውም 12 ካልሞላ ተመለሱና ፈልጉ ይባላል። እና ሦስት ላይ የቆመ ዜሮ ለእኔ ዜሮ አልሆነልኝም። አንድ ኩንታል ምስር ከፍቶ አንድ ጭብጥ አይቶ «ጠጠር የለውም» እንደማለት ነው።

ይህን አሁን ለእናንተ መናገር ቀላል ነው። ያን ማታ እልል ብለው ለገቡ ሴት መናገር ግን አቃተኝ። ቡናው ቀዘቀዘ።

«እትዬ፣ ዜሮው ጥሩ ነው» አልኳቸው። «ግን ሦስት ብቻ ነው የተገኘው። የተረፈው ስብ ሳይጣል ከደረስኩበት ደግመን እንፈልግ።»

«ንጹሕ ነው ከተባለ ምን ይፈለጋል?»

ዝም አልኩ። እሳቸውም ዝም አሉ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው ወደ መቀነታቸው እየመለሱ፣ «ምስር ስለቅም ጠጠሩን የማገኘው በሁለተኛው ነው» አሉ። «ሂድ ፈልግ በቃ።»

ሰኞ ጠዋት ከሁሉ በፊት መዝገቡን ገለጥኩ። ያ ናሙና የተቆረጠበትን ቀን አገኘሁት። በዚያ ቀን ጠረጴዛው ላይ ባልዲ በባልዲ ላይ ነበር። መብራት ሄዶ በመስኮት ብርሃን ነው የተሠራው። የቆረጠው በሥልጠና ላይ ያለ ወጣት ሐኪም ነው፤ አጠገቡ ቆሞ የሚጽፈው ደግሞ እኔ። «ንፍፊት ሦስት» ሲል «3» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጽሕፈቴን አወቅሁት። ያን ሰዓት አንድ ጊዜ ቀና ብዬ «ዶክተር፣ አላነሰም?» ብል ኖሮ!

የተረፈው ሥጋ ሪፖርቱ ከወጣ በኋላም ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀመጣል። መደርደሪያው ሥር ተንበርክኬ ቁጥር በቁጥር ስፈልግ ባልዲዋ ወጣች። ክዳኑ ሲከፈት ፎርማሊኑ እንደተለመደው ዓይን ያቃጥላል። ለፓቶሎጂስቷ ነገርኳት፤ የማን እንደሆነችም ጭምር። ምንም አላለችም። ጓንቷን አጠለቀች።

አሁን የብብት ስብ እንዴት እንደሚፈተሽ በዓይናችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ስቡ ቢጫ ነው፤ ፎርማሊን ሲጠጣ ደግሞ ይገረጣል፣ ይጠነክራል። ንፍፊቷ ከስቡ ጋር ተመሳስላ ውስጥ ውስጡን ተቀብራለች። ዓይን አያገኛትም፤ ጣት ነው የሚያገኛት። ስቡን በስስ በስሱ ትቆርጡና ቁራጩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ታሻሹታላችሁ። ስብ ይሟሟል፣ ይሸሻል። ንፍፊት አትሸሽም፤ ከጣት ሥር ትንከባለላለች። ቅቤ ሲነጠር ሥሩ እንደቀረች የኮረሪማ ፍሬ በሏት። ፓቶሎጂስቷ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትፈልገው። ዓይን ሲከፈት ጣት ይሰንፋል ትላለች። አንዷን ስታገኝ «አለች» ትለኛለች፤ እጽፋለሁ። ሽምብራ የምታህል። «አለች።» ምስር የምታህል። «አለች።» አንድ ሰዓት ተኩል ቆየን። ስቡ ጠረጴዛው ላይ ፍርፋሪ ሆኖ ሲያልቅ 11 ተጨምረው ነበር። ከፊተኞቹ ጋር 14።

ንፍፊቷ ተገኘች ማለት ተመረመረች ማለት አይደለም። ትልልቆቹ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተከትፈው ሁሉም ቁራጭ መግባት አለበት። ለምን በ2 ቢሉ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ የካንሰር ጎጆ በሁለት ቁራጭ መሃል ተደብቆ እንዳያመልጥ ነው። ከዚያ በታች ያለው እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ድረስ «ደቃቅ ስርጭት» ይባላል፤ ሌላ ስም፣ ሌላ ክብደት አለው። ቁራጮቹን በትንንሽ የፕላስቲክ ካሴት ከተትኳቸው። ሌሊቱን አልኮል ውሃቸውን አወጣ፤ ዛይሊን አልኮሉን፤ ከዚያ የቀለጠ ፓራፊን ገባባቸው። ጠዋት ሰም ውስጥ የተቀበረች ጠንካራ ነገር ትሆናለች። ያኔ ነው ማይክሮቶሙ ላይ የማስቀምጣት።

ማይክሮቶም በእጅ የሚዞር፣ የብረት ምላጭ ያለው መሣሪያ ነው። 4 ማይክሮን አሳስቶ ነው የሚቆርጠው፤ አንድ ሚሊ ሜትር ለ250 ተካፍሎ አንዱ። ትንፋሽ ይበትነዋል። ቁራጩ ከምላጩ ላይ እንደ ጥለት እየተያያዘ ይወርዳል፤ በብሩሽ ጫፍ አንስቼ ለብ ያለ ውሃ ላይ ሳሳርፈው ይዘረጋል፤ መጨማደዱ ይጠፋል። ከሥሩ መስተዋቱን አስገብቼ ቀና ሳደርገው ተጣብቆ ይወጣል። ስንት ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ጠዋት ግን እጄ ስለተንቀጠቀጠ የመጀመሪያው ተቀደደ። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩና ተመለስኩ።

ቀለሙ ሁለት ነው። ሄማቶክሲሊን ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ እንጨት የሚወጣ ነው፤ የሕዋሱን እንብርት ሰማያዊ ያደርጋል። ኢዮሲን የቀረውን ያቀላል። ፓቶሎጂስቷ ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀመጠች፤ ሁለት ሰው የሚያይበት ነውና እኔም ከወዲያ ማዶ።

ጤነኛ ንፍፊት ሲያዩዋት ጥቁር ጤፍ የፈሰሰበት ስፌድ ናት። ትንንሽ፣ ክብ፣ ጠቆር ያሉ ሕዋሳት ጥቅጥቅ ብለው። አንደኛዋ ንጹሕ። ሁለተኛዋ ንጹሕ። ትልቋ፣ ያስፈራችኝ ሽምብራ፣ ንጹሕ፤ መሃሏ በስብ የተሞላ ነበር። ስምንተኛዋ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ያችን አስታውሳታለሁ፤ የምስር ክክ የምታክል ነበረች። ከሽፋኗ ሥር፣ የሊምፉ ውሃ መጀመሪያ በሚገባበት ጠርዝ ላይ፣ ጤፉ መሃል ባቄላ ተዘርግፏል። ተለቅ ተለቅ ያሉ፣ ገርጣ ያሉ፣ እንብርታቸው የተዛነፈ ሕዋሳት፤ ተቃቅፈው፣ እዚህም እዚያም የጡት ቱቦ ለመሥራት የሞከሩ ይመስላሉ። ከጡት የመጡ እንግዶች መሆናቸው ያስታውቃል። አሥራ አንደኛዋ ላይም አንድ ጎጆ ነበር። ሽፋኗን ግን አላለፈም።

«ሁለት ከአሥራ አራት» አለች። ወደ ወረቀቱ ሳትዞር ትንሽ ቆየች።

የተስተካከለ ሪፖርት ወጣ፤ 2/14። እትዬ ከኤን ዜሮ ወደ ኤን 1 ሄዱ። ደረጃቸውም ከሁለተኛው ሀ ወደ ሁለተኛው ለ ሆነ። በክኒን ሊያልፍ የነበረው ሕክምና ኬሞ ተጨመረበት፣ ጨረርም ተጨመረበት። ጨረር ማለት ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ማለት ነበር፤ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ማዕከል እሱ ነበር። ከየክፍለ አገሩ የመጣው ሁሉ ተራ የሚይዘው እዚያ ነበር። እትዬም ተራቸውን ያዙ።

የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሐኪማቸው ከነገራቸው በኋላ ማለቴ ነው። ከከተማ አብረን ስንመለስ፣ ከቡራዩ ወጥተን ግድቡ ብቅ ሲል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጠየቁኝ።

«አሥራ አራቱም ከእኔ የወጡ ናቸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሁለቱ ላይ ብቻ ነው?»

«ሁለቱ ላይ ብቻ።»

«መጀመሪያ የጻፈው ማነው?»

ውሃውን እያየሁ «እኔ ነኝ» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ከመውረዳችን በፊት ግን ሒሳቤን ከፈሉልኝ፤ እምቢ ብል አልሰሙኝም።

ይኸው ሦስት ዓመት ሆነ። ኬሞው ጸጉራቸውን ወስዶ መለሰ፤ ጨረሩም አለቀ። የቀረው የእጃቸው ነገር ነው። ማጣሪያው ከብብት ተነቅሎ ሲወጣ የእጅ ውሃ መንገዱ ይጠበዋል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ክንድ ያብጣል። ፕራይስ እግር ላይ ያየው ማጣሪያው ተደፍኖ ነው፤ የእትዬ ደግሞ ማጣሪያው ተነስቶ ነው። «ታዲያ ሁሉንም ማውጣት ግድ ነበር?» ብለው ጠይቀውኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌላ ዘዴ አለ። በ1977 ካባናስ የሚባል ቀዶ ሐኪም ከዕጢው የሚወርደው ሊምፍ መጀመሪያ የሚደርስባት አንዲት ንፍፊት አለች፣ ዘበኛዋ እሷ ናት ብሎ ጻፈ። በ1992 ዶናልድ ሞርተን በቆዳ ካንሰር ላይ ሰማያዊ ቀለም እየወጋ ቀለሙን ተከትሎ ዘበኛዋን ማግኘት አሳየ፤ በ1994 ጁሊያኖ ለጡት አደረገው። ዘበኛዋ ወጥታ ንጹሕ ከሆነች ሌሎቹ አይነኩም፤ ክንድም ይተርፋል። በብዙ ሐኪም ቤቶቻችን ግን ገና አልተለመደም። እንዲለመድ የምመኘውን ያህል የምመኘው ነገር ጥቂት ነው።

ስለዚህ እትዬ በቀኝ እጃቸው ጀሪካን አያነሱም። ቢላ ሲይዙ ይጠነቀቃሉ፤ ትንሿ ጭረት ስትቆጣ ክንዱን ታሳብጠዋለችና። የደም ግፊታቸውን በግራ ነው የሚያስለኩት። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ እኔ ጋ መጥተው ቀኝ እጅጌያቸውን ይሰበስባሉ፤ የልብስ ሰፊ ሜትር ይዤ ከክርናቸው በላይ አዞራለሁ። በልጆቼ ደብተር ነው የምጽፈው። ባለፈው ወር 29 ሴንቲ ሜትር ነበር። ትናንት ለካሁና 29 አልኳቸው።

«ደግመህ ለካ» አሉኝ።

ደግሜ ለካሁ። 29።